አክሲዮን እንደ ርስት አይካፈሉትም

በእኛ አገር ውርስ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው መሬትና ቤት ነው። ተዝካሩ ይወጣል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እህትና ወንድም ተካፍለው ይነሣሉ። አክሲዮን ግን በዚህ መንገድ አያልቅም። መብቱ ያለው ሳጥን ውስጥ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ሳይሆን በማኅበሩ የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 27 ቀን ሁለት ትልልቅ ሕጎች አብረው ታወጁ፤ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግና ዣን ኤስካራ ጀምረውት ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሱት የንግድ ሕግ። ማን ወራሽ እንደሆነ የሚናገረው አንዱ፣ አክሲዮኑ እንዴት በወራሹ ስም እንደሚዞር የሚናገረው ሌላው ነው። ወራሽ እስከ ዛሬ በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የንግድ ሕጉ አክሲዮንን በስም የተመዘገበና ለአምጪው የሚከፈል ብሎ ለይቶት ነበር። በስም የተመዘገበው ሲተላለፍ መዝገቡ ላይ ካልሰፈረ ማኅበሩ አዲሱን ባለቤት አያውቀውም። አንዱ አክሲዮን ደግሞ አይከፈልም፤ ሦስት ልጆች አንድ አክሲዮን በጋራ ከወረሱ አንድ ወኪል መምረጥ አለባቸው።

ይህ ሁሉ ገና ሥር ሳይሰድ 1967 መጣ። ደርግ ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን፣ ወዲያውም ከ70 በላይ ኩባንያዎችን ወረሰ። ሕጉ አልተሻረም፤ የሚወረስ አክሲዮን ግን እምብዛም አልቀረም። አንድ ትውልድ ሙሉ ይህን ጉዳይ ሳያውቀው አደገ። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. በ486 መሥራቾች ሲቋቋም ነገሩ እንደ አዲስ ተጀመረ። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ አርጅተዋል፤ ያለፉም አሉ። ጥያቄው አሁን የበዛው ለዚህ ይመስለኛል።

በጣም የሚያከራክረው የትዳር ጓደኛ ጉዳይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ባልም እንዲሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። መብቷ የሚመጣው ከውርስ ሳይሆን ከጋብቻው ነው። በትዳር ውስጥ የተገዛ አክሲዮን፣ በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ መጀመሪያ የእሷ ግማሽ ይለያል፤ ለልጆች የሚተላለፈው ቀሪው ነው። ልጆች የወራሽነት ማረጋገጫ ብቻ ይዘው ሁሉንም ለማዞር ሲሞክሩ እናት ዝም ካለች የራሷን ሀብት ልታጣ ትችላለች። በይሉኝታ ዝም የሚሉ እናቶች ደግሞ ጥቂት አይደሉም።

ውጭ ያለው ልጅ ሌላ መሰናክል ነበረበት። የባንክ አክሲዮን ለውጭ ዜጋ የተከለከለ ስለነበር የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ልጅ የአባቱን ድርሻ በስሙ ይዞ መቆየት አይችልም ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያውያን እንዲይዙ የተፈቀደው በ2011 ዓ.ም. ነው።

በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ለአምጪው የሚከፈለውን አክሲዮን አስቀርቷል፤ ሁሉም በስም ነው። ጥር 2017 የሰነደ ሙዋዕለ ንዋይ ገበያው ሲከፈትም አክሲዮን ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ መሄድ ጀመረ። ወራሹ የሚያቀርበው ግን ያው ነው፦ የሞት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ውሳኔ (አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው)፣ የትዳር ጓደኛ ካለ የጋራ ሀብት ክፍፍሉ፣ ወራሾቹ ብዙ ከሆኑም ማን ስንት እንደሚወስድ የተስማሙበት ሰነድ። ስሙ መዝገቡ ላይ እስኪሰፍር ድረስ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ አይሰጥም።