ፋብሪካ የሠራውን ከሚሴ ሲያርመው

የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ በከሚሴ ባያልፍ ኖሮ፣ ክረምት በገባ ቁጥር በየግቢው ሞተር የሚያወርድ ሰው በእኛ ከተማ ባልኖረ ነበር። መንገዱን ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. በኋላ በወረራው ዘመን በጥድፊያ አሠራው። ጣርማበር ላይ ተራራውን በዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ካራ ቆሬን አቋርጦ እኛ ጋ ይደርሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ውርጭ 1,400 ሜትር ገደማ ወዳለው ሙቀት በአንድ ቀን ይወረዳል። አውሮፓ ውስጥ የተሠራ መኪና ለዚህ ተብሎ አልተሠራም። እዚህ መኪና መቀየር ከራሱ ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣ ሙያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በዚያ ዘመን የገባው ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የፊያት ካሚዮን ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ካሚዮኑ ቀረ፤ መለዋወጫ የሚልክለት ግን አልነበረም። ያልተገኘው ዕቃ እዚሁ በቶርኖና በመዶሻ መሠራት ነበረበት። ቆይቶ በመጣው ኤንትሬ በሚባለው ካሚዮን ደግሞ አጎቴ በረዳትነት ጀምሮ በሹፌርነት ጡረታ ወጣ። ከአሰብ ጭኖ በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ ነበር የሚመላለሰው። አዲስ ካሚዮን ሲረከብ ከሁሉ በፊት ባሌስትራው ላይ ቅጠል ያስጨምር ነበር። «ፋብሪካው የሚያውቀው ኩንታሉን ነው፤ መንገዱን የት ያውቃል?» ይላል እስከ ዛሬ። የተሰበረው የባሌስትራ ቅጠልም አይጣልም፤ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ቢላዋ ይሆናል።

መንገዱም ቢሆን ባለበት የሚቆይ አልነበረም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መሬት መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ ሲያፈርስ አስፋልቱንም ሰነጣጥቆታል። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርትራ ጋር የተነሳው ጦርነት የአሰብን በር ዘጋና ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የባቲ የሰኞ ገበያ ዛሬም ይደምቃል፤ የአሰብ ካሚዮን ግድግዳ ሲያንቀጠቅጥ ያደገ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤት ሐምሌና ነሐሴ ሲዘጋ ግቢያችን ውስጥ ባለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ቮልስ እፈታለሁ። ቮልስ የስፖርት መኪና ናት ስል የሚገረም አይጠፋም። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ጭቃ ይካሄድ የነበረውን የሳፋሪ ራሊ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 እ.ኤ.አ. ያሸነፈችው ይህችው መኪና ናት። እኛ አገር ስሟ የሚነሳው በሌላ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ ነው። ለእኔ ግን የምትበልጥብኝ ያ ራሊ ነው፤ በጭቃና በዳገት የተፈተነችበት።

የእኔዋ የ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት፤ 1200 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት። ጠላቷ የከሚሴ ሙቀት ነው። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያበርደው ፋኑ የሚነፋው አየር ብቻ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣዋ በፋኑ ቤት ውስጥ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ተተክሏል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ዘይቱ ቀድሞ ያሞቀው አየር ነው። ቫልቩ የተቃጠለ የቮልስ ሞተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን ያረመው በ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው፤ ማቀዝቀዣውን ከሲሊንደሩ በላይ አንስቶ ለብቻው አየር ሰጠው። እኛም ያንን አዲሱን የፋን ቤት በአሮጌው ሞተር ላይ ገጠምን።

ብዙ ሹፌር የኋላ ክዳኑን በእንጨት ደግፎ ይነዳል። በዚህ አልስማማም። ሞተሩን ዙሪያውን የሚያቅፈው ላስቲክ ካለቀ፣ ከሲሊንደሮቹ ወደ ታች የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ፋኑ ይገባል፤ ያን ጊዜ ክዳን መክፈቱ ብቻውን አያድናትም። ላስቲኩን ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጠን ዳር እስከ ዳር ስናለብሰው ያመጣው ለውጥ ግን ዳገት ላይ ታየ።

ሌላ አገር ቮልስን ዝቅ ያደርጓታል፤ እኛ ከፍ እናደርጋታለን። ከተማሪዎቼ ጋር የምወደው ሥራ ይህ ነው። የኋላ እግሯን የሚሸከመው ተጠማዛዥ የብረት ዘንግ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። ልጆቹ 360ን ለሁለቱም ያካፍላሉ፤ የውስጡ አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ፣ የውጭው 8.2 ገደማ ይሆናል። አንዱን በአንድ ጥርስ ወደዚህ፣ ሌላውን በአንድ ጥርስ ወደዚያ ሲያዞሩት የሚተርፈው ለውጥ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው። ቁመቷን እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ መምረጥ ይቻላል። በሰሌዳ ላይ ስለ ማዕዘን ስናገር የሚያንቀላፋ ልጅ እዚህ እጁ ግራሶ ነክቶ ካልኩሌተር ይለምነኛል። ቡሎን አልፈታ ሲል አጎቴ ከበርጩማው ላይ ሆኖ «አብሽሩ፣ ይወጣል!» ይላቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ልጆቹ ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ፦ ሞተሩን አውርደን በኤሌክትሪክ እንተካው። ሐሳቡ ጤነኛ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለሆነ ማውረዱ ከባድ አይደለም፤ የባትሪው ክብደትና ዋጋ ነው ጥያቄው። ስሌቱን ራሳቸው ሠርተው እንዲያሳዩኝ ሰጥቻቸዋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ፍሬን ይቀድማል። አራቱም እግሯ ላይ ያለው ታምቡር ነው፤ በጣርማበር ቁልቁለት ይግላል፤ ሲግል ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናዋ ቶሎ አትይዝም። በአውሮፓ የተሸጠው ባለ 1500 ሲሲው ሞዴል ፊቱ ላይ ዲስክ ፍሬን ነበረው። በዚህ ክረምት የምንፈልገው ከአሮጌ 1500 የወጣ ሙሉ የፊት እግር ነው፤ ኮምቦልቻም አዲስ አበባም ላሉ ዕቃ ሻጮች ተናግረናል።