የቁም ኑዛዜ

አባቴ ለቤታቸውና ለንብረታቸው በአራት ምስክሮች ፊት ተናዝዘው ነበር፤ ለትንፋሻቸው ግን አልተናዘዙም። በመጨረሻ ታመው አንደበታቸው በተዘጋ ጊዜ፣ ታላቅ እኅቴ «የመተንፈሻው መሣሪያ ይቀጥል» ስትል እኔ «ይብቃቸው» አልኩ። ሁለታችንም «አባዬ የሚሉት ይህንኑ ነው» ብለን ማልን። ሳንስማማ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። በሰው አገር ይህን ነገር እንዴት እንደፈቱት ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሉዊስ ከትነር የተባለ የቺካጎ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1969 በአንድ የሕግ መጽሔት ላይ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። ሰው በጤናው ሳለ፣ ራሱን ቢስት የትኛውን ሕክምና እንደማይፈልግ ጽፎ ያስቀምጥ አለ። የንብረት ኑዛዜ ከሞት በኋላ ይሠራል፤ ይህኛው ሰውየው በሕይወት ሳለ የሚሠራ ነውና «የቁም ኑዛዜ» ብንለው ያስኬዳል።

ሐሳቡን አደባባይ ያወጣው ግን የአንዲት ልጅ መከራ ነው። ካረን አን ኩዊንላን በ1975 በኒው ጀርዚ ራሷን ስትስት 21 ዓመቷ ነበር። ወላጆቿ መተንፈሻው ይነሣላት ሲሉ ሐኪሞቿ እምቢ አሉ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ለቤተሰቡ ፈረደ። የሚገርመው፣ መሣሪያው ከተነሣ በኋላ በራሷ እየተነፈሰች እስከ 1985 ቆየች። በዚያው በ1976 ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን ኑዛዜ በሕግ በማጽናት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች።

ወረቀት የሌለውስ? ናንሲ ክሩዛን በ1983 በሚዙሪ በመኪና አደጋ ራሷን ሳተች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990፣ ግዛቲቱ የልጅቱን ፈቃድ የሚያሳይ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ትችላለች ሲል ወሰነ። ቤተሰቡ ሌሎች ምስክሮች እስኪያገኝ ድረስ ነገሩ ተጓተተ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ዐረፈች።

በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 20 ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ታዲያ አንደበት ሲዘጋ ማን እምቢ ይበልለት?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለርስት ብቻ አይመስለኝም። በቅርቡ የራሴን ጽፌ ለእኅቴ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፣ «አባዬም ይህን ትተውልን ቢሆን ኖሮ…» አለችኝ።