የቦዲያም ግንብ፦ የትምህርት ቤት ሞዴል
ካርቶን፣ የሶፍት ጥቅል፣ ኮላ፣ የውሃ ቀለም፣ ክር
በተማሪና በወላጅ የተሠራ

ሞዴሉ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኢስት ሰሴክስ የሚገኘውን የመካከለኛው ዘመን የቦዲያም ግንብ ያሳያል። ግንቡን ያሠሩት ባላባቱ ሰር ኤድዋርድ ዳሊንግሪጅ ሲሆኑ፣ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ፈቃዱን የሰጧቸው እ.ኤ.አ. በ1385 ነው። በወቅቱ ከፈረንሳይ ወረራ ይሰጋ ነበር።

ቅርጹ ለልጅ እጅ የተመቸ ነው፤ ቅጥሩ አራት ማዕዘን ሲሆን በየማዕዘኑ ክብ ማማ ቆሟል። ክብ ማማዎቹ የተሠሩት ሶፍት ከሚጠቀለልበት ካርቶን ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ከታች በሁለት በኩል ተሰንጥቆ የግድግዳው ጠርዝ ስለተሰካበት፣ ኮላው እስኪደርቅ ማማው ሳይወድቅ ይቆማል። የግድግዳው ጫፍ በማስመሪያ እኩል ተከፍሎ አንዱ እየተተወ አንዱ በመቀስ ተቆርጧል። ከፍ ያለው ክፍል ተከላካዩን ይጋርዳል፤ ዝቅ ባለው በኩል ቀስት ይወረወራል።

ዙሪያውን ሰማያዊ የተቀባው በውሃ የተሞላ ሰፊ ቦይ ነው። ቦዩ ጠላት መሰላል እንዳያቆም፣ ከግድግዳው ሥርም እንዳይቆፍር ያግደዋል። በሰሜኑ በር ያለው የካርቶን ፍርግርግ በክር ይነሳል፣ ይወርዳል። በቦዲያም በር ላይ ያለው ጥንታዊ የእንጨት ፍርግርግ እስከ ዛሬ ከቆዩት ጥቂቶች አንዱ ነው።

የግንቡ የውጭ ግድግዳ እንደቆመ ቢሆንም የውስጥ ክፍሎቹ ፈርሰዋል። በሞዴሉ ግቢ የሚታዩት አዳራሽ፣ ወጥ ቤትና ጸሎት ቤት የተሠሩት የፍርስራሹን ንድፍ በመከተል ነው።