አንድ ኩንታል ለሁሉም፦ የማዳበሪያ ልክ ታሪክ ከጉና ግርጌ

በደብረ ታቦር ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ መሬቱን በአንድ ስም አይጠራም። ጓሮው አመድና ፍግ የጠገበ ነው፤ ተዳፋቱ ቀይ አፈር፣ ጫፉ ጭንጫ፣ ታች ሜዳው ዋልካ። ሲዘራም እጁ እንደ መሬቱ ይጠብቃል፣ ይላላል። ከላይ የመጣለት የማዳበሪያ ምክር ግን ለረጅም ዘመን አንድ ብቻ ነበር፦ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ለፋርጣ ቀይ አፈርም ያው፣ ለፎገራ ዋልካም ያው።

ምክሩ ከየት መጣ? የፋብሪካ ማዳበሪያ በገበሬው ዘንድ መታወቅ የጀመረው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ አርሲ ላይ እንደ ካዱ ባሉ ፕሮጀክቶች ነው። አገር ምድሩን ያዳረሰው ግን ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በ1985 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና መንግሥት የሰርቶ ማሳያውን መንገድ የራሱ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ካደረገው በኋላ ነው። አንድ ቁጥር ለልማት ሠራተኛው ለማስተማር ይቀላል፤ ለግዥም፣ ለብድርም፣ ለሪፖርትም እንዲሁ። ሞኝነት አልነበረም። አፈር የሚመረምር ላቦራቶሪ በሌለበት አማካይ ልክ ከምንም ይሻላል። ችግሩ አማካይ ልክ የማንም ማሳ ልክ አለመሆኑ ነው።

በሌላው ዓለም በዚያው ዘመን የተገላቢጦሽ ጥያቄ ነበር። የድሮው መበተኛ ማዳበሪያውን የሚያወርደው በጎማው መዞር ስለነበር ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይዘራል። ከዚያ ማውረጃውን የሚያዞረው ሥራ ለሃይድሮሊክ ሞተር ተሰጠ፦ ከትራክተሩ የሚመጣውን ዘይት አንድ ኤሌክትሮኒክ ቫልቭ ያሰፋዋል፣ ያጠበዋል፤ ሴንሰር ዙሩን ቆጥሮ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩም ከትራክተሩ ፍጥነትና ከአፈሩ ካርታ ጋር አስተያይቶ ያርማል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሚኒሶታ ውስጥ በአፈር ካርታ የሚመራ መበተኛ ተሠርቶ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የጂፒኤስን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባት ስታቆም ደግሞ ማሽኑ የቆመበትን ቦታ በቀላሉ ማወቅ ቻለ። ብረቱና ዘይቱ ሁሉ የተደከመበት የገበሬው እጅ የሚያደርገውን ለማድረግ ነው፤ እዚህ ብዙ፣ እዚያ ጥቂት።

ካርታ የሌለው ማሽን ግን ከአሮጌው አይሻልም። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስም መድፉን መቅደላ ለማድረስ መንገድ ማስጠረግ ነበረባቸው።

ኢትዮጵያ ካርታውን የጀመረችው በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በተቋቋመው የአፈር መረጃ ሥርዓት ነው። ከየወረዳው አፈር ተለቅሞ ሲመረመር የጎደለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ብቻ አልነበረም፤ ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክም በብዙ ቦታ አነሰ። ዳፕ ወጣ፣ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ ያለው ኤንፒኤስ ገባ። ባሕር ዳር ያለውን የመርከብ ዩኒየን ጨምሮ በአምስት ዩኒየኖች ማደባለቂያ ፋብሪካ ተተከለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተጣመመው። የከረጢቱ ይዘት ተቀየረ እንጂ ልኩ በተግባር ያው አንድ ኩንታል ሆኖ ቀረ። «ምን ልጨምር?» የሚለው ጥያቄ በግማሽ ሲመለስ «ይህ ጥማድ ስንት ይበቃዋል?» የሚለው ተዘለለ።

በጉና ግርጌ ይህ የቃላት ጉዳይ አይደለም። የደጋው ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ወስዶ አፈሩን አምጥጦታል። በአሲዳማ አፈር ፎስፈረስ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ሥሩ አያገኘውም፤ ዩሪያ ሲደጋገም ደግሞ ኮምጣጣነቱን ያብሰዋል። ኖራ ያልጠጣ መሬት ላይ ኩንታል መጨመር ብድርን መሬት ውስጥ መቅበር ነው። የኖራው ልክ ደግሞ በቶን የሚቆጠር፣ ከማሳ ማሳ የሚለያይ ነው። በጥማድ በተቆራረጠ ተዳፋት ላይ ሃይድሮሊክ መበተኛ አይወጣም፤ የአፈር ምርመራ ውጤት የያዘ ወረቀት ግን ይወጣል። ዋጋውም ከማሽኑ ጋር አይወዳደርም። መቅደም የነበረበት እሱ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዋዜማ የአማራ ክልል አርሶ አደሮች የማዳበሪያ ያለህ ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሰልፍ ወጡ። በእንዲህ ያለ ዓመት ልኩን የሚወስነው ካርታም ምክርም አይደለም። ደጃፉ የደረሰችውን አንዲት ከረጢት ገበሬው ራሱ ይመዝናል፦ ለድንቹ ጠበቅ፣ ለገብሱ ላላ፤ ለጭንጫው ምንም።