ከካልኩለስ በፊት ያለው መጽሐፍ

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ሒሳብ ትምህርት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ከተቋማት መከፈት ጋር ተያይዞ ነው፡፡ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሥራቸውን ጀመሩ፡፡ ይሁን እንጂ ተማሪው ወደ እነዚህ ተቋማት በር ሲደርስ በእጁ ምን መጽሐፍ፣ በአእምሮው ምን ስንቅ ይዞ ነበር የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሣም፡፡ ጥያቄው ከሁሉ ይበልጥ የሚመለከተው ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከአካባቢው ገጠር የሚነሣውን ተማሪ ነው፡፡

በጎጃም የካልኩለስ ስም ከመሰማቱ አስቀድሞ የስሌት ትምህርት ነበረ፡፡ ይኸውም ባሕረ ሐሳብ ነው፡፡ የ2016 ዓ.ም. አጽዋማትንና በዓላትን ለማውጣት ባለሙያው 5500ን ከ2016 ጋር ደምሮ 7516 ያገኛል፡፡ ይህንን ለ19 ሲያካፍል 11 ይተርፈዋል፤ አንድ ቀንሶም 10ን ወንበር ይለዋል፡፡ ወንበሩን በ11 አባዝቶ ከሚያገኘው 110 ላይ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፍ 20 አበቅቴ ይሆናል፡፡ ወንበሩን በ19 አባዝቶ እንደዚሁ ሲገድፍ ደግሞ 10 መጥቅዕ ይወጣል፡፡ የሁለቱ ድምር 30 መሆኑ ስሌቱ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው፡፡

በዚያ ሥርዓት ብራና ውድ፣ መጽሐፍም ብርቅ ስለነበረ የተማሪው ዋና መሣሪያ የቃል ጥናቱ ነበር፡፡ ፊደል የቆጠረ ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት የደገመ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ይሻገራል፡፡ የኔታ የፊተኛውን ያላደላደለ ደቀ መዝሙር ወደ ኋለኛው አያሳልፉም፡፡ የመጽሐፍ እጥረት ቢኖርም የቅደም ተከተል ጉድለት አልነበረም ማለት ነው፡፡

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ነገሩ ተገላበጠ፡፡ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ የገጠሩ ልጅ ቋንቋውንና ስሌቱን በአንድ ጊዜ መሸከም ግድ ሆነበት፡፡ በ1954 ዓ.ም. ክረምት በኡጋንዳ ከተማ በእንቴቤ በተጀመረው ጉባኤ ኢትዮጵያን ጨምሮ የእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚጠቀሙ የአፍሪካ አገሮች ምሁራን አዲስ የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ማዘጋጀት ጀመሩ፡፡ ይህ በጎ ጅምር ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፍ መዘጋጀቱ አንድ ነገር፣ ቀድሞ ወጀት ትባል እስከነበረችው ፍኖተ ሰላም ድረስ በበቂ ቁጥር መድረሱ ሌላ ነገር ነው፡፡

የእጥረቱን ክብደት ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል፡፡ ጎኑ ሀ የሆነ አራት ማዕዘኑ እኩል የጤፍ ማሳ አለ እንበል፡፡ ጎኑ በጥቂቱ በለ ቢጨምር የስፋቱ ጭማሪ (ሀ+ለ)² − ሀ² ነው፡፡ ይህ ሲዘረዘር 2ሀለ + ለ² ይሆናል፤ ለለ ሲካፈል ደግሞ 2ሀ + ለ ይቀራል፡፡ ለ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መልሱ 2ሀ ነው፡፡ በዚህ ስሌት ውስጥ ካልኩለስ የሚባለው የመጨረሻዋ እርምጃ ብቻ ናት፡፡ የቀሩት ሁሉ አልጀብራ ናቸው፡፡ ቅንፉን መዘርዘር ያልተለማመደ ተማሪ በፈተናው ሲወድቅ ካልኩለስ ከበደው ይባላል፤ የከበደው ግን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ሊይዘው የሚገባው መጽሐፍ አለመኖሩ ነው፡፡

ይህንን የኮሌጁ መጽሐፍ ራሱ ይመሰክራል፡፡ በአሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትውልድ የተማረበት የኤሊስና የጉሊክ የካልኩለስ መጽሐፍ ትምህርቱን የሚከፍተው በሊሚት አይደለም፡፡ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ቁጥሮች፣ ስለ ቀጥታ መስመር፣ ስለ ፋንክሽንና ስለ ትሪጎኖሜትሪ ይከልሳል፡፡ ደራስያኑ ክለሳ ያሉት ቀድሞ ለተማረ ሰው ነው፡፡ ላልተማረው ግን የዓመታት ትምህርት በአንድ ምዕራፍ ታጭቆ ይቀርብለታል፡፡

መሰናዶው የሚሰጥበት ቦታም ጊዜ በጊዜ ተለዋውጧል፡፡ ቀድሞ ከ12ኛ ክፍል ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በፍሬሽማን ዓመት ይዘጋጅ ነበር፡፡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ኃላፊነት ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ አወረደው፤ የካልኩለስ መግቢያም በ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ገባ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ፡፡ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ሪሜዲያል የተባለ ሌላ ደረጃ ተጨመረ፡፡ በዚያው ዓመት አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ዘገየ፤ ስልክ ያለው ተማሪ ቅጂውን በስልኩ አነበበ፣ የሌለው ከጓደኛው ገለበጠ፡፡ ከዓመቱ መጨረሻ አንሥቶም በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፡፡ ደረጃው በየጊዜው ቢጨመርም ከታች የጎደለው መጽሐፍ ቦታው ባዶ ከሆነ ተማሪውን ከፍ ሊያደርገው አይችልም፡፡

እንግዲህ ለካልኩለስ ተማሪ ተገቢው መሣሪያ ምን እንደሆነ ከታሪኩ መረዳት ይቻላል፡፡ አንደኛ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የአልጀብራና የትሪጎኖሜትሪ መጽሐፍ ከነመልመጃው፤ ሁለተኛ፣ አንድ ዋና የካልኩለስ መጽሐፍ፤ ሦስተኛ፣ ደብተር፣ ማስመሪያ፣ የግራፍ ወረቀትና ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ናቸው፡፡ ስላይድ ሩልና የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ በኤሌክትሮኒክ ካልኩሌተር ተተክተዋል፤ አልጀብራን የሚተካ መሣሪያ ግን አልተገኘም፡፡

ስለዚህ ከአካባቢው ወጥተው ለሙያ የበቁ መሐንዲሶች ለትውልድ ቦታቸው ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ለመላክ ሲነሡ፣ የልግስናቸው ቅደም ተከተል እንደ አብነት ትምህርት ቤቱ ይሁን፡፡ ወፍራሙ የኮሌጅ መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ያምራል፡፡ ይሁን እንጂ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ተማሪ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቅንፍ መዘርዘርን የሚያስተምረው ስስ መጽሐፍ ነው፤ እርሱም በአንድ ቅጂ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ተማሪ በሚዳረስ ቁጥር ሊላክ ይገባዋል፡፡