የነብሮቹ ጎል የት ገባ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ሀዲያ ሆሳዕና ሲጫወት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ የሚሰማውን ያውቀዋል። "አጥቂ የለንም!" ይላል አንዱ። "አጥቂማ አለ፣ ኳስ የሚያደርሰው ነው የጠፋው" ይላል ሌላው። "አሰልጣኙ ራሱ የገባው ነጥብ ሊጋራ ነው!" ይላል ሦስተኛው። ጨዋታው 0 ለ 0 ሲያልቅ ሦስቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ አሰልጣኙ ይባረር።

ቅሬታው መሠረት የሌለው አይደለም። የክንፍ ተጫዋቹ መስመሩን ይዞ ሮጦ ያሻግራል፤ ሳጥን ውስጥ ግን አንድ አጥቂ ከሦስት ተከላካይ ጋር ተናንቆ ይገኛል። አማካዮቹ ገና የመሀል ሜዳውን ክብ አላለፉም። ይህን ለማየት የአሰልጣኝነት ፈቃድ አያስፈልግም። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። አሰልጣኙ ተቀየረ፣ አጥቂውም ተቀየረ፣ ቅሬታው ግን ያው ነው። ታዲያ ችግሩ የሰዎቹ ነው ወይስ የቤቱ አሠራር?

መልሱ ያለፉት ዓመታት ታሪክ ውስጥ አለ።

ሀዲያ ሆሳዕና ወደ ፕሪምየር ሊጉ ያደገው በ2007 ዓ.ም. ነው። በ2008 የውድድር ዓመት ከዳሸን ቢራ ጋር ወረደ። በ2011 እንደገና አደገ። በ2012 በሰንጠረዡ ታችኛው ክፍል እየታገለ ሳለ ኮሮና መጣ፤ ውድድሩ ተሰረዘ፣ ወራጅም አልኖረም። ክለቡ በሊጉ ቆየ።

ቀጥሎ የመጣው 2013 ብዙ ደጋፊ ዛሬም እንደ መለኪያ የሚያነሳው ዓመት ነው። ክለቡ የቀድሞውን የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ አሸናፊ በቀለን ቀጠረ። ዳዋ ሆቴሳን የመሳሰሉ ስመ ጥር ተጫዋቾችን አስፈረመ። ነብሮቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሊጉ መሪዎች ጋር ተሰለፉ። ያ ቡድን ግን ዕድሜ አላገኘም። ወደ ውድድሩ ማብቂያ ላይ ተጫዋቾቹና ክለቡ በክፍያ ጥያቄ ተካረሩ። ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑ ተበተነ፣ አሰልጣኙም ሄደ።

ዳዋ ወደ አዳማ ከተማ ተመለሰ። ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን ላይ በ4ኛው ደቂቃ ጎል አስቆጠረ፤ ጨዋታው 4 ለ 1 ቢያልቅም የመጀመሪያዋ ጎል የእሱ ነበረች። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ማላዊ ውስጥ ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍም በር ከፋቹ እሱ ነበር። እንግዲህ "አጥቂ የለንም" የሚለው ደጋፊ ይህን ያስብ። ካሜሩንና ግብጽ ላይ ያስቆጠረው አጥቂ ከጥቂት ወራት በፊት የሆሳዕናን ማሊያ የለበሰ ነው። አጥቂው እጃችን ላይ ነበር። የጠፋው እሱን ይዞ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የሚቀጥል ቤት ነው።

ከአሸናፊ በኋላ ሙሉጌታ ምህረት መጣ። ከዚያ በኋላም ያሬድ ገመቹና ግርማ ታደሰ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ስም ያላቸው ባለሙያዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሲመጣ ግን ካለፈው የተረፈውን ለቃቅሞ፣ አዳዲስ ተጫዋች አስፈርሞ፣ ከዜሮ ይጀምራል።

ይህ ከጎል ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም ያገናኘዋል። መከላከልን በስድስት ሳምንት የቅድመ ውድድር ዝግጅት ማስተማር ይቻላል፤ መስመር ጠብቁ፣ ተጠጋጉ፣ ኳሱን አርቁ ነው። ማጥቃት ግን መተዋወቅ ይፈልጋል። የክንፍ ተጫዋቹ ቀና ሳይል አጥቂው በየትኛው ጫማ ሥር ኳሱን እንደሚወድ ማወቅ አለበት። አጥቂውም አማካዩ ኳሱን መቼ እንደሚለቅ በደመ ነፍስ መገመት አለበት። ይህ የሚመጣው አብሮ በመጫወት ብቻ ነው። በየመስከረሙ የሚተዋወቁ 11 ሰዎች መከላከል ይችሉ ይሆናል፤ ጎል ማምረት ግን ይከብዳቸዋል።

አሰልጣኙም ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ እንደሚባረር ያውቃል። ሦስት ጊዜ አቻ ከወጣ ግን ይሰነብታል። ስለዚህ ሁለት አጥቂ ከማሰለፍ አንድ ተከላካይ አማካይ መጨመርን ይመርጣል። እኛ "ይባረር!" እያልን በጮህን ቁጥር እሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የምንጠላውን ጨዋታ በከፊል የምናመርተው እኛው ነን ማለት ነው።

ተቃራኒውን ምሳሌ በዚያው በ2013 አይተናል። አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህን ያደረገው ለዓመታት በኖረበት ኢትዮጵያ ቡና ውስጥ፣ ካሳዬ አራጌ ከ2012 ጀምሮ አንድ ዓይነት አጨዋወት ባስለመደው ቡድን ነው። ካሳዬም በመጀመሪያው ዓመት "ኳስ ማንሸራሸር ብቻ" ተብሎ ተተችቷል። ታገሱት፣ ጎሉ መጣ።

"ገንዘብ ካለ ግን በአንድ ዓመትም ይቻላል" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ በሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ፣ ዋንጫ በልቷል። በ2014 ግን ወረደ። ለ2016 የውድድር ዓመት ደግሞ ሦስት ክለቦች አብረው አደጉ፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማ እና የዱራሜው ሀምበሪቾ። ንግድ ባንክ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ሻሸመኔና ሀምበሪቾ በዚያው ዓመት ወረዱ። ከጀርባው የሀገሪቱ ትልቁ ባንክ የቆመለት ክለብ እና የአንድ ዞን ካዝና የሚጠብቅ ክለብ በግዢ ሊወዳደሩ አይችሉም። ሀዲያና ከምባታ በገንዘብ ሩጫ ቢገቡ መሸነፋቸው የታወቀ ነው። የሚያዋጣቸው ትዕግስት ነው፤ እሱን ደግሞ አልሞከርነውም።

ሌላም ያጣነው ነገር አለ፤ ሜዳችን። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ እንዲካሄድ ተደረገ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ፣ በኋላም አዳማ። እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ሆሳዕና ተራ አልደረሳትም። እስከዚያ ድረስ የሆሳዕና ሕዝብ የሀገሪቱን ከፍተኛ ሊግ በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ያየው በ2008 እና በተቋረጠው 2012 ብቻ ነው። ያ የ2013 ቡድን፣ ዳዋን ጨምሮ፣ አንድም የሊግ ጨዋታ በሆሳዕና አላደረገም። ዱራሜ ደግሞ ከነአካቴው አላየችም፤ ሀምበሪቾ አድጎ እስኪወርድ አንድም የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ በከተማው አልተደረገም።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። የሀዲያና የከምባታ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ እንደሚኖር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሊጉን ያስተላለፈው ሱፐርስፖርትም የደቡብ አፍሪካ ነው። ጆሃንስበርግ ያለው ወንድም እና ሆሳዕና ያለው ወንድም ቡድናቸውን ያዩት የነበረው እኩል፣ በስክሪን ነው። ሜዳ የሌለው ደጋፊ ደግሞ ተጫዋቹን በልምምድ አያየውም፣ የቡድን መሪውን መንገድ ላይ አግኝቶ አይጠይቀውም። የቀረው ስልጣን ከቴሌቪዥን ፊት መጮህ ነው። ጩኸቱም የሚያርፈው ካሜራ በሚያሳየው ሰው ላይ፣ በአጥቂውና በአሰልጣኙ ላይ ነው። ውል የሚፈርመውን፣ በጀት የሚያጸድቀውን፣ ደመወዝ የሚያዘገየውን ሰው ካሜራ አያሳየውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያሉ ክለቦች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በሕዝብ ገንዘብ ነው። በ2016 በሀዲያ ዞን መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ዘገየ ብለው ድምፃቸውን ያሰሙበትን ጊዜ አንረሳም። መምህሩ ደመወዙን በሚጠብቅበት ዞን፣ በየዓመቱ ቡድን ገዝቶ በየዓመቱ መበተን ተራ የስፖርት ስህተት ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ስለዚህ ደጋፊው ቁጣውን ይተው አልልም። አድራሻውን ይቀይር ነው የምለው። ከ"አሰልጣኙ ይባረር" ይልቅ "ለአሰልጣኙ የሦስት ዓመት ዕቅድና ውል ይሰጥ፣ በዕቅዱም ይገምገም" እንበል። ከ"አጥቂ ግዙ" ይልቅ "ያለው አጥቂ ውሉ መቼ ያልቃል? ማንስ እያነጋገረው ነው?" ብለን እንጠይቅ። ከሾኔ፣ ከሆመቾ፣ ከሺንሺቾ፣ ከአንጋጫ ስንት ታዳጊ በዋናው ቡድን እንዳለ በስም ይነገረን። የዓመቱ ገቢና ወጪ ለደጋፊው በይፋ ይቅረብ።

እነዚህ አራት ጥያቄዎች እንደ "ይባረር!" በአንድ ትንፋሽ አይጮሁም። ግን ከውድድሩ መጠናቀቅ በኋላ፣ የዝውውር መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት፣ ለክለቡ ቦርድ በጽሑፍ ሊቀርቡ ይችላሉ። ያን ጊዜ ካልጠየቅን፣ በሚቀጥለው ዓመትም በ70ኛው ደቂቃ ያንኑ እንላለን፤ የአጥቂው ስም ብቻ ይቀየራል።