ከውኃ በታች ያለው ወራሪ፦ የናይቫሻ ሐይቅ ልምድ ለጣና የሚያስተምረው

መጤ ወራሪ ዝርያ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው እምቦጭን ነው። እምቦጭ በውኃው ላይ ተንጣልሎ ስለሚታይ ከዓይን አይሰወርም። ከውኃ በታች የሚኖሩ መጤ እንስሳት ግን ተራብተው መረብ መሙላት እስኪጀምሩ ድረስ ሳይታወቁ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በታወቁ ጊዜ ደግሞ ከሰፊ ሐይቅ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም ማለት ይቀላል። ጥበቃ በሚደረግላቸው ረግረጋማ ሥፍራዎች የማያቋርጥ ክትትል የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሌላ አካባቢ የመጣ እንስሳ ሁሉ ወራሪ አይባልም። ወራሪ የሚባለው በአዲሱ ሥፍራ ያለ ተቆጣጣሪ ተራብቶ በነባር ዝርያዎች፣ በውኃው ጥራት ወይም በሰዎች ኑሮ ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ነው።

የናይቫሻ ሐይቅ ታሪክ

ናይቫሻ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ጨው አልባ ሐይቅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 በራምሳር ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ረግረጋማ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ የዓሣ ሀብቱ በአብዛኛው የቆመው በሰው እጅ በገቡ ዝርያዎች ላይ ነው።

በ1920ዎቹ ባስ የተሰኘው አዳኝ ዓሣ ለመዝናኛ አስጋሪዎች ተብሎ ከአሜሪካ መጥቶ ተለቀቀ። የሐይቁ ነባር የሆነችው ትንሽ ዓሣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አልታየችም። በ1970 ደግሞ የዓሣ ሀብቱን ለማስፋት በሚል ሸርጣን መሰሉ የሉዊዚያና ቀይ ክሬይፊሽ ወደ ሐይቁ ገባ። ለተወሰኑ ዓመታትም ወደ አውሮፓ እየተላከ ገቢ አስገኝቷል። ነገር ግን ክሬይፊሽ የውኃ ውስጥ ዕፅዋትን አጥብቆ ይመገባል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰማያዊው የውኃ አበባና ሌሎች የውኃ ውስጥ ዕፅዋት ከሐይቁ ተመናመኑ። የክሬይፊሹ ቁጥር ሲቀንስ ዕፅዋቱ አገገሙ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መልሰው ሳሱ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ካርፕ የሚባለው ዓሣ በሐይቁ ታየ። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥም ከሁሉም ይልቅ በብዛት የሚያዘው ዓሣ ለመሆን በቃ። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው የሐይቁን ወለል እየቆፈረ በመሆኑ ጭቃውን ያናውጣል፣ ዕፅዋትን ይነቅላል፣ ውኃውንም ያደፈርሳል። በሌላ በኩል የአስጋሪዎች የገቢ ምንጭ ሆኗል። ወራሪ ዝርያ የኑሮ መሠረት ከሆነ በኋላ ይጥፋ ማለት ራሱ ሌላ ችግር መፍጠር ነው።

ክትትሉ እንዴት ይካሄዳል?

የመጀመሪያው ዘዴ ወጥመድ ነው። ማባበያ ምግብ የተደረገበት ወጥመድ ማታ ተጥሎ ጠዋት ይነሣል፤ የተያዘውም ይቆጠራል፣ ይለካል። ውጤቱን ከዓመት ዓመት ማነጻጸር የሚቻለው በተመሳሳይ ሥፍራ፣ በተመሳሳይ ወቅትና በተመሳሳይ የወጥመድ ብዛት ሲሠራ ብቻ ነው። ምንም ያልተያዘበት ቀንም መመዝገብ አለበት። ወጥመድ በአብዛኛው ትልልቆቹን ስለሚይዝ ጫጩቶቹ ከቆጠራው ያመልጣሉ፤ ስለዚህ ባዶ ወጥመድ ብቻውን የዝርያውን አለመኖር አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ዘዴ የውኃ ናሙና ምርመራ ነው። እንስሳት በቆዳቸውና በዓይነ ምድራቸው አማካይነት የዘር ቅንጣት ወደ ውኃው ይለቃሉ፤ ቤተ ሙከራም ይህን ቅንጣት ለይቶ ያወጣል። ዘዴው ገና ቁጥሩ አነስተኛ የሆነን ዝርያ ሊጠቁም ይችላል። ሆኖም ቅንጣቱ በወንዝ ተወስዶ ከሩቅ ሊመጣ፣ ከሞተ እንስሳም ሊገኝ ስለሚችል በወጥመድ ወይም በመረብ ማረጋገጥ ግድ ይላል።

ሦስተኛው የአስጋሪዎች ዓይን ነው። በየዕለቱ መረብ የሚያነሣ ሰው እንግዳ ዓሣን ከማንም ቀድሞ ያያል። ያየውን የሚነግርበት ቅርብ ቢሮ ከሌለ ግን ዕውቀቱ መረቡ ላይ ይቀራል።

ለጣና ምን ማለት ነው?

በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው የጣና ሐይቅ በዓለም በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ከአሥር በላይ የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው። ከእነዚህ በርካቶቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭን ወደመሳሰሉ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በታችኛው ዓባይ ያሉ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለሺህ ዓመታት እንደ አጥር አገልግሏል። ይሁንና ፏፏቴው በባልዲ የሚመጣን ዓሣ አያግድም። በሀገራችን የዝዋይ ሐይቅ ካርፕን ጨምሮ በሰው እጅ የገቡ የዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ሆኗል።

ስለዚህ የዓሣ ኩሬ ያለው አርሶ አደር የሚያረባውን ዝርያ ማወቅ፣ ኩሬውንም ጎርፍ ከማይደርስበት ሥፍራ ማድረግና መውጫውን በወንፊት መዝጋት ይጠበቅበታል። ሕያው ዓሣን ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው መውሰድ፣ ለጌጥ ያረቡትን ዓሣም በወንዝ መልቀቅ አይገባም። መረብና ጀልባ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሲዘዋወር ጭቃውና አረሙ ተራግፎ፣ ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ አለበት።

እንግዳ እንስሳ በመረብ የተያዘበት ሰው ወደ ውኃው ከመመለስ ይልቅ ፎቶ አንሥቶ፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቦ፣ እንስሳውን ይዞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በአካባቢው ለሚገኝ የዓሣ ምርምር ተቋም ቢያሳውቅ ይመረጣል። በአንድ ኩሬ ወይም በአንድ ጅረት ሳለ የተደረሰበትን ወራሪ ማጥፋት ይቻላል፤ ሐይቅ ከገባ በኋላ የሚቀረው አብሮ መኖርና ጉዳቱን መቀነስ ብቻ ነው።